በጠባቡ ላይ ሰላምታ የለም

ደብረ ዘይት፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለመምህሬ ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ
ጋይንት፣ ቤተ ልሔም

የኔታ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎ፣ ድምፅዎ፣ ተማሪዎችዎ፣ በቅሎዋ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እናቴስ እንዴት ናት? እኔ በጸሎትዎ አንድ ጥፍሬ እንኳ ሳይነቀል አለሁ።

ደብዳቤዬን ሲያዩ «ደግሞ ምን ጎደለበት?» እንዳይሉ። ምንም አልጎደለኝም፤ የምጽፈው ደስ ስላለኝ ነው። ከአየር ወለዱ ሁሉ ስምንት ሰው ተመርጦ ከስምንቱ አንዱ እኔ ሆኛለሁ። ለሚያዝያ ፳፯ በዓል በሕዝብ ፊት ከአውሮፕላን እንዘልና ሜዳው ላይ በኖራ በተሠመረ ክብ ውስጥ ተራ በተራ እንወርዳለን። እስከ ዛሬ የምንዘልበት ፓራሹት ነፋስ ወደ ወሰደው የሚሄድ ነበር። አሁን የተሰጠን ግን ከጀርባው የተቀደደ፣ በገመድ የሚመራ ነው። ቀኙን ስስብ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስስብ ወደ ግራ ይዞራል። በቅሎ እንኳ እንዲህ አትታዘዝም፤ የእርስዎ በቅሎማ ፈጽሞ።

ጾመ ድጓውን በመንፈቁ ጥዬ ወታደር ቤት መግባቴ አሁንም እንዳልወጣልዎ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገር ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

ማኅሌት ሲቆሙ ብርዱ ወገብዎን እንደሚይዝዎ እናቴ በሰው ልካብኝ ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወፍራም የወታደር ካፖርት አግኝቻለሁ። መንገደኛ እንዳገኘሁ እልክልዎታለሁ።

ልጅዎ ደምሌ


ቤተ ልሔም፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ከሰማይ ለሚወርደው ለእኅቴ ልጅ ለደምሌ

የዛሬዋ የጽዮን ማርያም በረከት አትለይህ። እኛ ደኅና ነን። በቅሎዋም ደኅና ናት፤ ስለ እርሷ የጻፍኸውን ባነብላት አልወደደችውም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ አርብ ነው። እናትህ ደጊቱ ከአርብ ገበያ ስትመለስ አህያዋን ከነጭነቷ ደጄ ላይ አቁማ «አንብብልኝ» አለች። አንድም ሳላስቀር አነበብሁላት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን «ስምንቱ ባንድ ጊዜ ሲወርዱ ማን ነው የሚቀድመው? እዚያ ላይ ማን ለማን መንገድ ይለቃል?» አለችኝ። ጥያቄው የእኔም ሆነ። እኛ ማኅሌት ስንቆም ቀኝና ግራ አለን፤ መሪው ሳያነሣ የሚያነሣ የለም፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀበል የታወቀ ነው። እናንተስ ምን ሥርዓት አላችሁ? አስረዳኝ። ሥርዓት የሌለው ነገር ውስጥ ገብተህ እንደሆነ ልወቀው።

ጾመ ድጓውን በመተውህ አልተቀየምሁም። አለመቀየሜን ሦስት ዓመት ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ወንበርህ ግን እንዳለ ነው። ከእኔ በኋላ ጉባኤውን ማን ይይዘዋል ሲሉኝ «ሰው አለኝ፣ ይመጣል» እላለሁ። ወልደ ገብርኤል የሚባል ከስማዳ የመጣ ተማሪ አለ፤ ድምፁም መልካም ነው፣ ትጋቱም መልካም ነው። ሰዎቹ ጥያቄውን የሚጠይቁኝ እርሱን እያዩ ነው። እኔ ሌላ ወሬ አነሣለሁ።

ካፖርቱን አትላከው፤ መንገደኛ ይለብሰዋል። ራስህ ይዘህልኝ ና።

አጎትህ ቀለመ ወርቅ


ደብረ ዘይት፣ ጥር ፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ

ልደትን እንዴት ዋሉ? ለጥምቀትም በሰላም ያድርስዎ። ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር።

ሥርዓት አለን ወይ ላሉኝ፣ አለን፤ በጣም የጠበቀ ነው። ሻምበሉ ከመዝለላችን በፊት ሁልጊዜ ሜዳው ላይ ክንዳችንን ዘርግተን በእግራችን ያስኬዱናል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይስቅብናል። ወደ ክቡ ስንቀርብ መጀመሪያ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን፣ ክቡን በግራችን ትተን እናልፋለን። ከዚያ ወደ ግራ ዞረን በአግድም እንሄዳለን። እንደገና ወደ ግራ ዞረን ፊታችንን ለነፋሱ ሰጥተን እንወርዳለን። ሁላችንም የምንዞረው ባንድ ወገን ነው። አውድማ ላይ አንዱ በሬ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ቢዞር ምን እንደሚመጣ ያውቁታል። መሬት አጠገብ ከደረሱ በኋላ መጠማዘዝ ክልክል ነው። የወረደም ሰው ጨርቁን ሰብስቦ ቶሎ ከክቡ ይወጣል፤ ቆሞ ለሕዝቡ እጅ አያውለበልብም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን አንድ ነው። መንገዱ ከታች ላለው ሰው ነው። ከታች ያለው የገዛ ፓራሹቱ ሰማዩን ስለሚሸፍንበት ከራሱ በላይ ያለውን በደንብ አያይም። ከላይ ያለው ሁሉንም ያያል፤ ስለዚህ ዞር የሚለው እርሱ ነው። ማዕረግም ዕድሜም አይቆጠርም። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ግን አፈረስኩት።

የቡድናችን ታላቅ ሃምሳ አለቃ ላቀው ይባላሉ። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ከእርሳቸው ቀድሜ በር ገብቼ አላውቅም። በዚያ ቀን በአግድሙ ስሄድ በግራዬ በኩል፣ ከእኔ ትንሽ ከፍ ብለው መጡ። ዞር ማለት የነበረባቸው እርሳቸው ናቸው፤ ሊዞሩም ነበር። እኔ ግን መንገዳቸውን የዘጋሁ መሰለኝና እጄ ሳላዘው ቀኙን ገመድ ሳበው። እውነቱን ልንገርዎትና አንገቴንም ዝቅ አደረግኩ። አየር ላይ ሆኜ እጅ ነሣሁ፣ የኔታ። ከታች በቀኜ ጓደኛዬ እሸቴ ነበር። እግሬ የፓራሹቱን ጫፍ መትቶ አጠፈው። እሸቴ ከሁለት ሰው ቁመት ላይ ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ።

እሸቴ አልጋው ላይ ሆኖ «ለእሳቸው ስትሰግድ እኔን ልትቀብረኝ ነበር» እያለ ይስቅብኛል። ሻምበሉ ግን አልሳቁም። «ለምን ዞርክ?» አሉኝ። «ታላቄ ናቸው» አልኳቸው። «እንዲህ ያለውን አክብሮት ምድር ላይ አድርገው። እስከ መጋቢት መጨረሻ እጅህ ካልተማረ ልብሱን መልሰህ አገርህ ትገባለህ» አሉኝ።

የኔታ፣ አገሬን ጠልቼ አይደለም። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። እስከ ዛሬ እንዲህ ብዬ ነግሬዎት አላውቅም። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ የማያውቀው እጄ ነው። እርስዎ ከስንቱ ጉሮሮ ስንት ስሕተት ነቅለዋል፤ እጅን ምን ያስተምረዋል? ይጻፉልኝ።

ካፖርቱ ሻንጣዬ ውስጥ ነው።

ልጅዎ ደምሌ


ደብረ ዘይት፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ?

በጥር የጻፍኩት ደብዳቤ ደረሰዎ? የደብረ ታቦሩ ነጋዴ እጅዎ ላይ እንዳደረሰው ምሎልኛል። ምናልባት አሞዎት እንደሆነ ብዬ ሰጋሁ። ለዚህ ደብዳቤ ተሸካሚ መልስ እንዳልደረሰኝ በቃልም ነግሬዋለሁ፤ ምናልባት ለእናቴ ይነግራታል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ዘልያለሁ። ሃምሳ አለቃ ላቀው በጎኔ በመጡ ቁጥር እጄ ወደ ገመዱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ጀምሬ መለስኩት። ሻምበሉ በመነጽራቸው አይተውኛል። የመጨረሻው ፈተና መጋቢት ፳፪፣ ረቡዕ ነው።

ተቀይመውኝ ከሆነ ይቆጡኝ። ቁጣዎን ለምጄዋለሁ፤ ዝምታዎን ግን አላውቀውም።

ደምሌ


ቤተ ልሔም፣ መጋቢት ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደምሌ

ጾሙን በጤና ያስፈጽምህ።

አላመመኝም። በቅሎዋንም አላመማትም። በጥር የጻፍኸው ደብዳቤ ጥር ፳፭ ቀን ደርሶኛል፤ ነጋዴው የማለልህ እውነቱን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልንገርህ። ያን ደብዳቤ ለእናትህ ሳነብላት የእሸቴ እግር ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀችና «ልጁ ጠባቡ ላይ ሰላም አለ» አለች። የጠየቅኸው መልስ ይኸው ነበር።

ቦታውን ታውቀዋለህ። ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት መካከል ላይ አንዲት አህያ ብቻ የምታልፍበት ጠባብ አለ፤ ባንድ ወገን ዓለቱ፣ ባንድ ወገን ገደሉ። እዚያ ላይ ሰላምታ የለም። እጅ የሚነሣ የለም፣ ቄስም መስቀል አያሳልምም፣ ለማንም ተብሎ ከበቅሎ አይወረድም። የተጫነው ዓለቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ባዶው ቆሞ ያሳልፋል። ባዶው ባላባት፣ የተጫነችው የድኻ አህያ ብትሆንም ያው ነው። የጤና መጠያየቁ፣ ጉልበት መሳሙ፣ ሁሉም ከሾላው ሥር፣ ሰፊው ላይ ሲደረስ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ እዚያ ጠባብ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ጎንበስ ስትል የምትስባት ጊደር ደንብራ ለጥቂት ገደል ሳትገባ ቀርታለች። በኩርኩም አልሁህና «ክብር ከጠባቡ ወዲያ ነው» አልሁህ። ያልሁህ እኔ ነኝ።

ስለዚህ እጅህን አዲስ ነገር አታስተምረው፤ የሚያውቀውን አስታውሰው። ፓራሹትህ ሲከፈት «ጠባቡ ገባሁ» በል። ከታች ያለው የተጫነ ነው፤ ቁመቱን ጨርሷል፣ መመለሻ የለውም። ከላይ ያለው ገና ቦታ አለው፣ ባዶ ነውና እርሱ ያሳልፍ። ሃምሳ አለቃው ከላይህ ሲመጡ የተጫንኸው አንተ ነህ፤ ዓለትህን ይዘህ ቀጥ በል። መሬት ስትደርስ ከፈለግህ ጫማቸውን ሳም።

አሁን ስለ መዘግየቴ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በዚያው ቀን ነው። እናትህ «ጻፍለት» አለችኝ፤ «እጽፋለሁ» አልሁ። አልጻፍሁም። «አገርህ ትገባለህ» የሚለውን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደምሌ። ብዕሩን አነሣና ባዶውን ወንበር አያለሁ፤ ከዚያ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዝም ብል ትወድቅልኝ ነበር፣ ወድቀህም ትመጣልኝ ነበር። እናትህ አርብ አርብ ከገበያ ስትመለስ «ጻፍህለት?» ትለኛለች። «ጽፌለታለሁ» እላለሁ። ታላቅ እኅቴን ስድስት አርብ ዋሸኋት።

የየካቲቱን ደብዳቤ ያመጣው ሰው ያልኸውን በቃሉ ነገራት። አልጮኸችብኝም። «እኔ መጻፍ አልችልም። አንተ ግን የምትችል መስሎኝ ነበር» ብላ አህያዋን ነድታ ሄደች። አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ዘለፋ ደርሶብኝ አያውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ስድስት አርብ ፈጀ።

ነገ ማለዳ በቅሎዬን ጭኜ፣ የሁለት ቀን መንገድ ቢሆንም፣ ይህን ደብዳቤ ራሴ ደብረ ታቦር ድረስ አደርሰዋለሁ። ከረቡዑ በፊት እንዲደርስህ እጸልያለሁ። ባለፈው የጸለይሁትን ግን አልነግርህም።

ስለ ካፖርቱ ሌላ ጊዜ።

ቀለመ ወርቅ


ደብረ ዘይት፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታ

ደብዳቤዎ ከፈተናው ሦስት ቀን ቀድሞ ደረሰኝ። ስለ ስድስቱ አርብ አልዋሽዎትም፤ ተናደድኩ። ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩት። እሸቴ በምርኩዙ እያነከሰ ሄዶ አነሣውና አነበበው፤ ከዚያ «ሰውየው በጾም ጉልበቱን ይዞ ሁለት ቀን ተጉዟል። ለእኔ እንዲህ የሚጓዝ አጎት ቢኖረኝ ስድስት አርብ ምኔ ነው?» አለኝ። አሳፈረኝ። እኔም ለሰው ስንት የምናዘዘው አለኝ።

ሦስቱን ቀን ሜዳው ላይ ክንዴን ዘርግቼ ብቻዬን ተመላለስኩ፤ በልቤ ግን የምሄደው ጠባቡ ላይ ነበር። በቀኜ ዓለቱን አደረግኩት። ያ የልጅነቴ ኩርኩም ራሴ ላይ ተሰማኝ።

ረቡዕ ጠዋት አምስተኛ ሆኜ ዘለልኩ። ፓራሹቱ ሲከፈት «ጠባቡ ገባሁ» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። ነፋሱን ይዤ ክቡን አለፍኩ፣ ወደ ግራ ዞርኩ። የሃምሳ አለቃ ላቀው ጨርቅ ከበላዬ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እጄ ዝም አለ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ እንደ ወጉ ሰፋ አድርገው ዞሩልኝ። የአባቴ እኩያ ለእኔ መንገድ ለቀቁ፣ የኔታ፤ ሰማዩም አልተደፋም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን በእሸቴ ቦታ የገባው ሙላው የሚባል አዲስ ልጅ ከታቼ ነበር። መዞሪያውን ስቶ የእኔ መንገድ ውስጥ ገባ። ክቡ ፊት ለፊቴ ነው፣ ኖራው ነጭ ሆኖ ይታየኛል፤ ፈተናውም ክቡ ውስጥ መውረድ ነው። ሙላው አያየኝም። «አሁን ባዶው እኔ ነኝ» አልኩ። ቀኜንና ታቼን አይቼ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ገና ከፍታ ሳለኝ ዞርኩለት። ሙላው ክቡ መካከል ወረደ። እኔ የአንድ ገበሬ የሽምብራ ቃርሚያ ላይ ወደቅኩ።

ሻምበሉ ሰልፍ አስያዙንና «ከክቡ ውጭ የወረደው ማን ነው?» አሉ። ወጣሁ። «ለምን?» አሉኝ። «ከታቼ ሰው ነበር» አልኳቸው። ወረቀታቸው ላይ ብዙ ጻፉ። መጨረሻ ላይ «ለበዓሉ ስምንተኛ ሆነህ ትዘላለህ። ከሁሉ በላይ የሚሆን ሰው ሁሉን መጠበቅ የሚችል መሆን አለበት» አሉኝ። ከሰልፍ ስንፈታ ለሃምሳ አለቃ ላቀው እስከ ጉልበቴ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። «አሁን ነው ወጉ» አሉኝ።

ከበዓሉ በኋላ የአንድ ወር ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ስለ ወንበሩ ግን ሳስብ ሰነበትኩ። እርስዎ አሳድገውኛል፤ እንዲህ ያለውን ስሕተትዎንም ሳይሸሽጉ ጽፈውልኛል። ታላቄ ነዎት። ልብሱን መልሰህ ና ካሉኝ ከፈቃዴ አልመለስም፣ ጾመ ድጓውን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። መንገዱን ለእርስዎ ለቅቄያለሁ።

እናቴን ሳሙልኝ። ካፖርቱን ተኩሼ አጥፌዋለሁ።

ልጅዎ ደምሌ


ቤተ ልሔም፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደምሌ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

ደብዳቤህን ለእናትህ አነበብሁላት። ሽምብራው ላይ መውደቅህን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ና ካሉኝ» ያልኸው ላይ ስደርስ መልሼ ለራሴ አነበብሁት። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል እጄ ገባ። እናትህ ምን እንደምል ለመስማት አየችኝ። እኔ ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመርሁ። በመጨረሻ «ይኸው፣ ልጁ ደግሞ ጠባቡ ላይ ጎንበስ አለ» አለች።

እውነቷን ነው። በጽሑፍ ስለሆነ በኩርኩም አልደርስብህም እንጂ ይገባህ ነበር። ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜውም ማየቱም ለእኔ ተሰጥቶኛል። አንተ የተጫንህ ነህ፣ ሥራህን ይዘህ መንገድህ ላይ ነህ። ታዲያ ዞር የሚለው ማን ነው? ይህን ሕግ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፤ ጥር ፬ ቀን በጻፍኸው ላይ አለ። ወረቀቱ እጄ ላይ ሰባት ጊዜ ተነበበ፣ ለራሴ የተጻፈ መሆኑን ያየሁት ግን ዛሬ ነው።

ለዳግም ትንሣኤ ወልደ ገብርኤልን በወንበሩ አስቀምጠዋለሁ። ትናንት ነገርሁት። የባዶውን ወንበር አቧራ እየጠረገ ሦስት ዓመት የኖረ ልጅ ነው፤ «የሌላ ሰው ነው ብለውኝ አልነበር?» አለኝ። «ባለቤቱ ሌላ ሥራ ይዟል፣ ሥራውንም ይችልበታል» አልሁት። ይህን ስናገር ደረቴ ሞላ፤ እንዲህ መኩራቴን አንተም እወቀው።

እንግዲህ ሚያዝያ ፳፯ ከሁሉ በላይ ሆነህ ስትወርድ ሰባቱን ጠብቅ። በፈቃድህ ስትመጣ ሾላው ሥር ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሰላምታችንን እዚያ እንጨርሳለን፤ ተሳስመን ስናበቃ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ።

ካፖርቱን ግን እስከዚያ አታቆየው። በደብረ ታቦሩ ነጋዴ እጅ ላክልኝ። ለብሶት ቢመጣም ግድ የለኝም።

አጎትህ ቀለመ ወርቅ